ወላጅ ዘግይቶ የሚሰማው ደረጃ

የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ሲያቆሙ፣ የታክሲ ነጂዎችም በቤንዚን ዋጋ ተማርረው መኪናቸውን ሲያቆሙ፣ ከቁጣው መነሻዎች አንዱ ብዙ ሰው በዓይኑ ያላየው ሰነድ ነበር። «ሴክተር ሪቪው» የሚባለው የትምህርት ጥናት ያለቀው በ1964 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። መንግሥት ግን ለሕዝብ ሳያሳውቅ ከአንድ ዓመት በላይ ይዞት ቆየ። ወሬው ሲወጣ ወላጅ ጆሮ የደረሰው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ለአብዛኛው ልጅ አራት ዓመት ይበቃዋል።

የጥናቱ ሐሳብ በክፋት የተጸነሰ አልነበረም። የአፍሪካ የትምህርት ሚኒስትሮች በግንቦት 1953 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው የተማሪ ቁጥራቸውን ሲያስተያዩ፣ አስተናጋጇ አገር ከብዙዎቹ ኋላ ቀርታ ተገኝታለች። ከአሥር ዓመት በኋላም ከአምስት ሕፃናት አራቱ ከትምህርት ቤት ውጭ ነበሩ። አጥኚዎቹ ጥቂቱን ልጅ እስከ ዩኒቨርሲቲ ከማድረስ ይልቅ ለሁሉም የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ይዳረስ፣ ከዚያ በላይ የሚቀጥለው ቁጥር ይገደብ፣ የቀረው በየአካባቢው ለኑሮው የሚጠቅም ሙያ ይያዝ አሉ። የገጠሩን ሕፃን ከልብ ያሰበ እቅድ ነበር።

የከተማው ወላጅ ግን ሌላ ስሌት ነበረው። ወታደሩ፣ መምህሩ፣ የቢሮ ተላላኪው፣ ጉልት የምትቸረችረው እናት ልጃቸውን የሚያስተምሩት ከሞፈርና ከቀንበር፣ ከእነሱም ድካም እንዲወጣላቸው ነው። ሀብታሙ እንደሆነ በክፍያ ያስተምራል፤ ሲያሻውም ባሕር ማዶ ይልካል። አራት ዓመት ይበቃዋል የተባለው ልጅ የማን ልጅ እንደሆነ ለመረዳት ሰነዱን ማንበብ አያስፈልግም ነበር። በኋላ ጸሐፊዎች «ጥናቱን ሕዝቡ በቅጡ አልተረዳውም» እያሉ ሲያዝኑለት አይቻለሁ። እኔ ግን ወላጆቹ አሳምረው የተረዱት ይመስለኛል። ጥናቱ እንዲቆም ተደረገ፤ በአሥር ቀን ገደማ ውስጥም የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወደቀ።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት የዛሬው የወላጅ ምሬት ከዚያው ሥር የበቀለ ስለሚመስለኝ ነው። በአገራችን የትምህርት ደረጃ የሚቆረጠው ከላይ ነው፤ ወላጅ የሚሰማው ግን ልጁ በር ሲዘጋበት ነው።

ወላጅ የልጁን ደረጃ ማንም ሳይነግረው የሚያውቅበት ዘመን ነበር። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ እንኳ ልጁ የኔታ ዘንድ ከፊደል ወደ አቡጊዳ፣ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ወደ ወንጌል፣ ከዚያም ወደ ዳዊት ሲሻገር በገዛ ጆሮው ይሰማ ነበር። ዳዊት ለደገመ ድግስ ይደገሳል፤ ቁርኣን ላኸተመም እንዲሁ። በቃል መያዝ የበዛበት፣ ሴት ልጅን ከሞላ ጎደል ያገለለ፣ አለንጋ ያልተለየው ትምህርት ነበርና ናፍቆቴ በልኩ ነው። መለኪያው ግን ከወላጅ የተሰወረ አልነበረም።

በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ፣ በ1917 ዓ.ም. ደግሞ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲከፈት መለኪያው ከወላጅ ጆሮ ራቀ። ትምህርቱ መጀመሪያ በፈረንሳይኛ፣ ከጣሊያን ወረራ በኋላ በእንግሊዝኛ ሆነ። ሪፖርት ካርዱን ለአባቱ የሚያነብለት ራሱ ተማሪው ነው፤ ሦስተኛ ወጣሁ ካለ ሦስተኛ ነው። ከዚያ ስምንተኛ ክፍል ላይ ሚኒስትሪ፣ አሥራ ሁለተኛ ላይ ማትሪክ መጡ። ማትሪክ የአንድ ቤተሰብን ዕጣ በአንድ ሳምንት የሚቆርጥ ፈተና ሆነ።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ ብዙው ግራ መጋባት የሚመነጨው ከዚህ ነው። በእኛ አገር ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃው ነጥብ ለረጅም ዘመን የዕውቀት መለኪያ አልነበረም፤ የመቀመጫ ብዛት ነበር። ስንት አልጋ አለ? ስንት ወንበር አለ? ነጥቡ በየዓመቱ በዚያ ልክ ከፍና ዝቅ ይል ነበር። በ1983 ዓ.ም. አገሪቱ የነበሯት ዩኒቨርሲቲዎች የአዲስ አበባና የዓለማያ ብቻ ነበሩና ያልገባው ልጅ ሰነፍ ተባለ። ዩኒቨርሲቲው ከ40 ሲያልፍ ነጥቡ ወረደ፤ በዓመት ከመቶ ሺህ በላይ ተማሪ ገባ፣ የገባውም ጎበዝ ተባለ። ወላጅ «ልጄ አለፈ» ሲል ልጁ ያወቀውን ማለቱ ነበር። ሥርዓቱ ግን ቦታ መገኘቱን ነበር የነገረው።

ከዩኒቨርሲቲ በታች ወዳለው ትምህርት ስንመለስ፣ ደርግ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻው በዓለም ተሞገሰ፤ መደበኛው ክፍል ግን በፈረቃ ተጨናነቀ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሲመጣ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ፣ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያለው ተማሪ በተከታታይ ምዘና እየታየ እንዲያልፍ ተደነገገ። በተማሪ ቁጥር ረገድ የተሠራው ሥራ የሚናቅ አይደለም። በአንደኛ ደረጃ ሦስት ሚሊዮን የማይሞላው ተማሪ በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ ከአሥራ ስምንት ሚሊዮን አልፏል። በ1966 የከተማው ወላጅ የተቆጣላት ወንበር አሁን ለገበሬውም ልጅ ደረሰች።

ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ልጅ ምን ተማረ? መንግሥት ይህን ያውቅ ነበር፤ ወላጅ ነው ያላወቀው። በ1992 ዓ.ም. የመጀመሪያው አገር አቀፍ የትምህርት ምዘና ሲካሄድ የአራተኛ ክፍል አማካይ ውጤት ወደ 48 በመቶ ነበር። ይጠበቅ የነበረው ዝቅተኛው 50 ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ በተደረገው ሦስተኛው ምዘና አማካዩ ወደ 41 ወረደ፤ የስምንተኛ ክፍሉ 36 ገደማ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ማንበብ ይችሉ እንደሆነ ሲፈተሽ፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሦ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ይህ ሁሉ ታትሞ በየቢሮው መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ቤት የደረሰው «ተዛውሯል» የሚል ካርድ ነው።

በዚያው ዘመን ሁለተኛ ደረጃ ላይ ፕላዝማ መጣ። መምህሩ ጥቂት ደቂቃ ተሰጥቶት ዳር ቆመ፤ ትምህርቱ በፈጣን እንግሊዝኛ ከስክሪን ፈሰሰ። መብራት ከሄደ ትምህርቱም ሄደ። ያኔ የተማሩ ልጆች ዛሬ ራሳቸው ወላጆች ናቸውና ስለ እሱ ብዙ ማስረዳት አያሻም።

በፈተናው ላይ የቀረው እምነት ግንቦት 22 ቀን 2008 ዓ.ም. ተናጋ። የእንግሊዝኛው ፈተና ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ተለቀቀ፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በሙሉ ተሰርዞ ወደ ክረምት ተዛወረ። ከዚያ በኋላም ኩረጃው አልቆመም፤ ሐቀኛው ተማሪ ሞኝ የሚባልበት ደረጃ ተደረሰ። ስለዚህ ትምህርት ሚኒስቴር የ2014ቱን ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች አውጥቶ፣ ማለፊያውን 50 በመቶ ላይ ሲቸክል፣ ኩረጃው መቆም ነበረበት ባይ ነኝ።

በጥር 2015 ዓ.ም. ውጤቱ ተነገረ። ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ፦ 3.3 በመቶ። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በተከታዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያ 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ።

ለወላጅ ይህ እንደ መርዶ ነበር። ልጄ አሥራ ሁለት ዓመት ሲማር አንድ ቀን እንኳ «አልቻለም» ያለኝ የለም፤ በየዓመቱ አልፏል፣ አንዳንዴም ተሸልሟል፤ ታዲያ አሁን ከየት መጣ? ይህ ጥያቄ ፈተናው ይቅለል ማለት አይደለም። ያንን ውጤት ያመጣው ልጅ ሁለተኛ ክፍል የነበረው በ2004 ዓ.ም. ገደማ፣ ያ የማንበብ ምዘና ከተካሄደ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። የሚሆነው ያኔውኑ ተጽፎ ነበር። ማለፊያው ከወንበር ብዛት ተላቅቆ ወደ እውነተኛ መለኪያ የተለወጠውም ልጁ መጨረሻው ደጃፍ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። ፍርዱ ያረፈው በልጁ ላይ ብቻ ነው። አንድም ተማሪ ያላሳለፈው ትምህርት ቤት በመስከረም እንደወትሮው ደወሉን ደውሎ አዲስ ተማሪ ይመዘግባል።

ሪሚዲያል የሚባለው የማካካሻ ትምህርት ከ50 በታች ላመጡ ብዙዎች የዩኒቨርሲቲን በር ገርበብ አድርጎላቸዋል። ደግ ነገር ነው። ግን በአሥራ ሁለት ዓመት ያልተሟላውን በጥቂት ወራት ማሟላት ይቻላል ብሎ ወላጅን ማሳመን ከባድ ነው። አቅም ያለው ቀድሞ ወደ ግል ትምህርት ቤት ወጥቷል፤ መካከለኛው በአስጠኚ ይደጉማል። የቀረው በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ይጠራል፤ የሚጠራውም ባብዛኛው ለመዋጮ ነው። በ«ትምህርት ለትውልድ» ንቅናቄም ሕዝቡ በገንዘብና በጉልበት ትምህርት ቤት እንዲያድስ ተጠይቋል፤ አድርጓልም። አጥር አጥሯል፣ ዴስክ ገዝቷል። ልጆቻችሁ በዚህ ክፍል ምን ማወቅ አለባቸው፣ አሁንስ የት ናቸው ተብሎ የተነገረበት ስብሰባ ግን ጥቂት ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር እንኳ በብዙ ቦታ መጻሕፍቱ ሳይደርሱ ቀርተው በስልክ፣ በቴሌግራም ነበር የሚዞሩት። ስማርት ስልክ የሌለው ወላጅ መጽሐፉን በዓይኑ አላየውም።

አሁን ስድስተኛና ስምንተኛ ክፍል ላይ ክልላዊ ፈተና አለ። መጥፎውን ዜና ቢያንስ በስድስት ዓመት ያስቀድመዋል። ሁለተኛ ክፍል ላይ አንዲት ቃል ማንበብ ያልቻለ ልጅ እናት ግን ይህንኑ ለመስማት ገና አራት ዓመት ይቀራታል።