ለእሳት የሚመደብ ገንዘብ ለምን ሁሌም ከእሳቱ በኋላ ይደርሳል?

በ1992 ዓ.ም. የካቲት ላይ ባሌና ቦረና ነደዱ። እሳቱ የሐረናን ደንና የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ጨምሮ ከአንድ መቶ ሺህ ሄክታር በላይ አዳረሰ። ገበሬው፣ ተማሪውና ወታደሩ እርጥብ ቅጠል ይዞ ሲታገል ሰነበተ። ከጀርመን፣ ከደቡብ አፍሪካና ከአሜሪካ ባለሙያዎች የመጡት ነገሩ ከእጅ ከወጣ በኋላ ነው። በመጨረሻ ትልቁን ሥራ የሠራው ዝናብ ነበር።

በዚያው ወር ሌላ ነገርም ተፈጥሯል። የካቲት 16 ቀን፣ ቴራ በተባለችው የናሳ ሳተላይት ላይ የተገጠመው ሞዲስ የሚባል መሣሪያ ምድርን መቃኘት ጀመረ። መሣሪያው ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ እሳት ነው። ባሌ እየነደደ ሳለ ሰማይ ላይ አንድ ዓይን ተከፈተ ማለት ይቻላል፤ ታች ያለው ሰው ግን አላወቀም።

ዛሬ የዚያና የተከታዮቹ ሳተላይቶች መረጃ ለማንም በነፃ ይለቀቃል። ሳተላይቱ ባለፈ በሦስት ሰዓት ገደማ ውስጥ የትኛው ቦታ እንደሚነድ በካርታ ላይ ይወጣል። ነፃ የሆነው ግን ለእኛ ነው፤ የአሜሪካ ግብር ከፋይ ከፍሎበታል። በጀርመን ፍራይቡርግ ከተማ ያለውና በ1992ቱ እሳት ጊዜ ለኢትዮጵያ የደረሰው ዓለም አቀፍ የእሳት ክትትል ማዕከልም እ.ኤ.አ. በ1998 ሲቋቋም መነሻ ገንዘቡን የሰጠው የጀርመን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው። መስከረም 1993 ላይ ከዚሁ ማዕከል ጋር አዲስ አበባ ውስጥ ጉባኤ ተደርጎ ስለ አገሪቱ የደን እሳት አያያዝ ተመከረ። ከዚያ በኋላ ደን ከግብርና ሚኒስቴር ወጥቶ የራሱ ሚኒስቴር ሆነ፣ ቀጥሎ ኮሚሽን ሆነ፣ አሁን ደግሞ የኢትዮጵያ ደን ልማት ተብሏል። መሥሪያ ቤቱ ስም በቀየረ ቁጥር የእሳቱ ፋይል ከዕቃው ጋር ይጓዛል፤ ደመወዝ ያለው ባለቤት ግን አብሮት አይጓዝም።

የመንግሥት ካዝና ለማስጠንቀቂያ ሥራ ከፍሎ አያውቅም እንዳይባል፣ ከፍሎ ያውቃል። ከወሎው ረሃብ በኋላ የተቋቋመው የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን፣ ከ1966ቱ አብዮት ሁለት ዓመት ገደማ በኋላ የድርቅ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ዘረጋ። የዝናብ፣ የሰብልና የገበያ ዋጋ መረጃ የሚሰበስቡ ሠራተኞች ተመደቡ። ማስጠንቀቂያውን የሰማ አልሰማ ሌላ ታሪክ ነው (የ1977ቱን ማንም አይረሳውም)፤ ሥራው ግን መንግሥት ሲቀየርም አልቆመም። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ ረሃቡ ዙፋን ገልብጧል። የደን እሳት እስካሁን ያፈናቀለው ዝንጀሮና ገበሬ ነው።

በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ስሜን ሲነድ ያው ታሪክ ተደገመ። የጓሳው ሣር ሳምንታት ከተቃጠለ በኋላ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ቡድን መጣ። ለአደጋ ጊዜ አውሮፕላን የሚለምን አገር፣ እሳቱ ገና ሁለት ሄክታር ሳለ ለወረዳው የሚደውል አንድ ሰው ዓመቱን ሙሉ ለመቅጠር ያቅተዋል ብሎ ማመን ይከብዳል።

ይህ የስሜንና የባሌ ጉዳይ ብቻ የሚመስለው አዲስ አበቤ ቀና ብሎ ዙሪያውን ይይ። ከሰበታ በላይ ወጨጫ ተራራ ላይ ሱባ አለ፤ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው አስተከሉት የሚባለው የጽድ ደን። በቡራዩ በኩል የገፈርሳ ግድብ ይገኛል፤ ከበላዩ ያለው ቁልቁለት ተቃጥሎ ከተራቆተ ክረምት ሲመጣ ደለሉ የሚወርደው ወደ ውሃው ነው። ሱሉልታ ደግሞ ሜዳው የድርቆሽ አገር ነው፤ ከጀርባው ያለው እንጦጦ በባሕር ዛፍ ተሸፍኗል። ባሕር ዛፍ ቅጠሉ ዘይት አለው፣ የሚረግፈው ቅርፊቱ ጭራሮ ነው። በመካከል ሰው ቤት ሠርቷል፣ ፋብሪካ ተተክሏል።

ታዲያ እዚህ እሳት ቢነሳ ማነው ባለቤቱ? ሱባን የሚያስተዳድረው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ነው። ሦስቱ ከተሞች ከ2015 ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። 939 ላይ የሚደወልለት ኮሚሽን የአዲስ አበባ ነው፤ ሲጠራ ከክልሉ ወሰን ተሻግሮ ይሄዳል፣ ይህም ያስመሰግነዋል። ግን ሁሉም ተጠሪዎች ናቸው፤ አስቀድሞ አይቶ የሚናገር የለም።

ሳተላይቱ ብቻውን ይህን አይፈታም። ደመና ይጋርደዋል፣ የድርቆሽ ክምር እሳት ደግሞ ሦስት ሰዓት አይጠብቀውም። ከሰል የሚያከስለውን፣ ማሳውን የሚያቃጥለውን ገበሬና እውነተኛውን የደን እሳት አይለይም። የሚለየው አገሩን የሚያውቅ፣ የቀበሌ ሊቀመንበሩ ስልክ በእጁ ያለ ሰው ነው። በጀት የሚያስፈልገው ለዚህ ሰው ነው።

ደቡብ አፍሪካውያን ገንዘቡን ያገኙት ካልተጠበቀ በር ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የጀመረው የእሳት መረጃ ሥርዓታቸው ከመንግሥታዊው የምርምር ተቋም ጎን የቆመለት ኤስኮም፣ የመብራት ኃይሉ ድርጅት ነበር። ከከፍተኛ ኃይል መስመር በታች ሣር ሲነድ ጭሱና ሙቀቱ መብራት ያቋርጣል፤ ስለዚህ እሳቱ የት እንዳለ ማወቅ ለኤስኮም የኪስ ጉዳይ ሆነ። በሰበታና በሱሉልታም የከፍተኛ ኃይል መስመሮች ያልፋሉ። ግድቡ የውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤቱ ጉዳይ ነው፤ ሱባም ለሚያስተዳድረው ድርጅት ሀብት ነው። ከእሳቱ የሚከስር ሁሉ ጥቂት ጥቂት ቢያዋጣ ለአንድ ትንሽ ክፍል፣ ለሁለት ፈረቃ ሠራተኛና ለስልክ ይበቃል። ድንበሩ የሁለት አስተዳደር ስለሆነ ስምምነቱን ሁለቱ መፈረም አለባቸው፤ ከገንዘቡ ይልቅ የሚያስቸግረውም ይህኛው ይመስላል።

ሌላም የማይነገር እንቅፋት አለ። የዙሪያው ሣር የሚደርቀው ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ነው። የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ግን ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የመሥሪያ ቤቶች ጥያቄ ተከራክሮ የሚጸድቀው ሰኔ ላይ፣ እንጦጦ በጉም ተሸፍኖ ሱሉልታ ሜዳ ውሃ በተኛበት ወር ነው።