የጉዳት ጡረታ መብትና የማስረጃ አያያዝ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል

በመከላከያ ሠራዊት ወይም በፖሊስ አገልግሎት ላይ ሳለ ጉዳት የደረሰበት አባል የጉዳት ጡረታ ማግኘት አለማግኘቱ የሚወሰነው በሁለት ነጥቦች ነው። አንደኛው ጉዳቱ ከሥራው ጋር ያለው ግንኙነት ሲሆን፣ ሁለተኛው በሥራ ችሎታው ላይ ያስከተለው ውጤት ነው። የሁለቱም ማስረጃ የሚጀምረው ጉዳቱ በደረሰበት ቦታና ዕለት በመሆኑ፣ በአሶሳ፣ በካማሺና በመተከል የሚገኙ የፖሊስ፣ የጤናና የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍሎች የሚይዙት መዝገብ በባለመብቱ ቀሪ ሕይወት ላይ ከፍተኛ ድርሻ አለው።

የሕጉ መሠረት

በኢትዮጵያ የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 209/1955 ከተደነገገ ወዲህ ሕጉ በተለያዩ ጊዜያት ተሻሽሏል። አዋጅ ቁጥር 345/1995 በአዋጅ ቁጥር 714/2003 የተተካ ሲሆን፣ ይህም በ2014 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1267 ተተክቷል። የመከላከያ ሠራዊት አባላትና የፌዴራልም ሆነ የክልል ፖሊስ አባላት ከሲቪል ሠራተኞች ጋር በአንድ ሕግ ይሸፈናሉ። የአሶሳ ከተማ ፖሊስ ባልደረባም በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ይገኛል ማለት ነው።

ሁለቱ መንገዶች

ሕጉ በጤና ጉድለት ምክንያት ከሥራ መሰናበትን በሥራ ምክንያት ከሚደርስ ጉዳት ለይቶ ያያል። ከሥራው ጋር ባልተያያዘ ሕመም ለሥራ ብቁ አለመሆኑ በሕክምና የተረጋገጠ አባል የዕድሜ ልክ የጤና ጉድለት ጡረታ አበል የሚያገኘው ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ እንደሆነ ነው። አገልግሎቱ ከዚህ ያነሰ ከሆነ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ብቻ ይሰጠዋል። አበሉ የሚሰላው የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ተይዞ ሲሆን፣ ከ10 ዓመት በላይ ለተፈጸመ ለእያንዳንዱ ዓመት ለሲቪል ሠራተኛ 1 ነጥብ 25 በመቶ፣ ለመከላከያና ለፖሊስ አባል 1 ነጥብ 65 በመቶ ይታከልበታል። ጠቅላላው ከ70 በመቶ አይበልጥም።

በሥራ ምክንያት ለደረሰ ጉዳት ግን የ10 ዓመት አገልግሎት አይጠየቅም። ጉዳቱ ከ10 በመቶ ያላነሰ ሆኖ አባሉ የመሥራት ችሎታውን በማጣቱ ለዘለቄታው ከሥራ ከተሰናበተ፣ ጉዳቱ ከደረሰበት በፊት በነበረው ወር ይከፈለው የነበረው ደመወዝ 47 በመቶ በየወሩ ይከፈለዋል። ጉዳቱ ከ10 በመቶ ያላነሰ ሆኖ የመሥራት ችሎታው ካልጠፋ ደግሞ የጉዳት ዳረጎት ያገኛል። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1952 ያወጣው የማኅበራዊ ዋስትና ስምምነት ቁጥር 102ም በሥራ ላይ የሚደርስ ጉዳትንና ሌላውን የአካል ጉዳት በተለያዩ ክፍሎች ይመለከታል።

ልዩነቱን በአኃዝ ለማየት 6 ዓመት ያገለገለና ወርሃዊ ደመወዙ 6 ሺህ ብር የሆነ የፖሊስ አባልን በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል። ይህ አባል በግዳጅ ላይ በደረሰበት ጉዳት ሥራ መሥራት ካልቻለ በወር 2 ሺህ 820 ብር ዕድሜ ልኩን ያገኛል። ጉዳቱ 40 በመቶ ሆኖ ሥራውን መቀጠል ከቻለ፣ 2 ሺህ 820 ብር በ60 ወራት፣ ከዚያም በ40 በመቶ ተባዝቶ 67 ሺህ 680 ብር በአንድ ጊዜ ይከፈለዋል። ችሎታውን ሙሉ በሙሉ ያጣ ሆኖ ሳለ ጉዳቱ በሥራ ምክንያት የደረሰ መሆኑ ካልተረጋገጠ ግን ወርሃዊ አበሉ ይቀርና የአነስተኛ አገልግሎት ዳረጎት ብቻ ይሆናል። አባሉ ቆስሎ ሳለ የዕድሜ ልክ ገቢውን ሊያጣ የሚችለው በአንድ የጎደለ ሰነድ ነው።

በሥራ ምክንያት የደረሰ የሚባለው

ጉዳቱ በመደበኛ ሥራ ላይ የደረሰ ብቻ መሆን የለበትም። ሥልጣን ባለው ኃላፊ ትእዛዝ ከመደበኛው ሥራ ውጭ ሲሠራ፣ የሥራ ቦታውን ከአደጋ ለማዳን ሲጥር፣ መሥሪያ ቤቱ በመደበው መጓጓዣ ወደ ሥራ ሲሄድ ወይም ሲመለስ የደረሰበትም ይካተታል። በአንጻሩ አባሉ ሆን ብሎ በራሱ ላይ ያደረሰው፣ ወይም ሰክሮ በሥራ ላይ በመገኘቱ የደረሰ ጉዳት አይሸፈንም።

ስለሆነም የክፍሉ አዛዥ የግዳጁን ትእዛዝ፣ ቀኑን፣ ቦታውንና የጉዳቱን ሁኔታ ሳይዘገይ በጽሑፍ ማስፈር ይኖርበታል። የመጀመሪያውን ሕክምና የሰጠው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ያዘጋጀው መረጃም ከግል ማኅደሩ ጋር መያያዝ አለበት። የጉዳቱን መጠን በመቶኛ የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ ነው። ቦርዱ የአካሉን ሁኔታ ሊመረምር ቢችልም፣ ጉዳቱ በምን ግዳጅ ላይ እንደደረሰ የሚያስረዳው የመሥሪያ ቤቱ ሰነድ ነው። አባይ ወንዝ መተከልን ከአሶሳና ከካማሺ በሚለይበት በዚህ ክልል፣ በወቅቱ ያልተሟላን ሰነድ ከዓመታት በኋላ ፈልጎ ማግኘት ለጉዳተኛው ተጨማሪ እንግልት ይሆናል።

ከሥርዓቱ ውጭ የሆኑና ቅሬታ

የጡረታ ሕጉ የሚሸፍነው በመንግሥት መሥሪያ ቤት በቋሚነት የተቀጠሩትን ነው። የቀድሞ የታጠቁ ቡድኖች አባላት ጉዳይ ለዚሁ በ2015 ዓ.ም. ለተቋቋመው የብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን የተሰጠ በመሆኑ፣ ጥያቄያቸው ከጡረታ ጥያቄ ጋር ሊደባለቅ አይገባም።

የጡረታ ጥያቄን መርምሮ የሚወስነው የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ሲሆን፣ በውሳኔው ቅር የተሰኘ ባለመብት ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ማመልከት ይችላል። አባሉ በጉዳቱ ምክንያት ቢሞት መብቱ ወደ ተተኪዎቹ ይተላለፋል፤ ለሚስት ወይም ለባል የአበሉ 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ይከፈላል። በመሆኑም በጉዳቱ ዕለት በአግባቡ የተሞላ መዝገብ ለቤተሰቡም ጭምር ዋስትና ነው።