ከሰይቼንቶ እስከ ሚኒባስ፤ የአዲስ አበባ ታክሲ አመራረጥ

ለከተማ ታክሲነት የሚውል ተሽከርካሪ በሁለት መንገድ ሲመረጥ ታይቷል። አንደኛው በደንብ ነው። በለንደን እ.ኤ.አ. በ1906 የወጣው ደንብ ማንኛውም ታክሲ 25 ጫማ፣ ማለትም 7 ሜትር ከ60 ሳንቲሜትር ያህል ስፋት ባለው ክብ ውስጥ መዞር እንዲችል አስገደደ። ይህን መለኪያ ለማሟላት ሲባል ለታክሲነት ብቻ የታሰበ መኪና እስከ መሥራት ተደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1958 ብቅ ያለው ጥቁሩ ኦስቲን የዚሁ ደንብ ልጅ ነው። ሁለተኛው መንገድ ገበያው ያቀረበውን መኪና ወስዶ ለአገሩ ኑሮ ማስገዛት ነው። የአዲስ አበባ ታሪክ ይበልጡን የዚህኛው ነው።

በአዲስ አበባ አብዛኛው ተሳፋሪ መኪናን ለብቻው ለመከራየት የሚያበቃ አቅም አልነበረውም። ስለሆነም ታክሲው በታወቀ ጎዳና እየተመላለሰ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱ የማይተዋወቁ ሰዎችን በአንድነት መጫን፣ እያንዳንዱም የድርሻውን ሒሳብ መክፈል የከተማይቱ ልማድ ሆነ። የለንደኑ ደንብ የመኪናውን አዟዟር ሲለካ የአዲስ አበባው ልማድ የሚለካው ሌላ ነገር ነው፤ ስንት እንግዳ ሰው፣ በምን ያህል ነዳጅ፣ ዳገቱን ይወጣል?

ለዚህ ጥያቄ ስመ ጥሩው መልስ ሰይቼንቶ ነበር። ቃሉ በጣሊያንኛ ስድስት መቶ ማለት ነው። ዳንቴ ጃኮሳ የተባለው መሐንዲስ የነደፈው ይህ ፊያት 600 እ.ኤ.አ. በ1955 ለገበያ ሲቀርብ ርዝመቱ ከ3 ሜትር ከ20 ገደማ የማያልፍ፣ ሞተሩ ከኋላ የተቀመጠ፣ የሞተሩም ይዘት 633 ሲሲ ብቻ የሆነ የቤተሰብ መኪና ነበር። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለች፣ አየሯም ስስ በሆነች ከተማ ማናቸውም ሞተር ከጉልበቱ ያጣል፤ ከመነሻው ጉልበቱ አነስተኛ የሆነው ሰይቼንቶ ሽቅብ ሲወጣ ቢያቃስት የሚያስገርም አይደለም። ከዚህ ይልቅ የሚከፋው በሮቹ ሁለት ብቻ መሆናቸው ነው። ለአንድ ቤተሰብ ይህ ችግር አይሆንም፤ ሁሉም በአንድ ደጃፍ ይወርዳሉና። የማይተዋወቁ ሰዎች በየፌርማታው ሲወርዱ ግን ከኋላ ያለው እንዲወጣ ከፊት ያለው ቦታውን መልቀቅ ግድ ይሆንበታል። ፊያት በዓመቱ ያወጣው ሙልቲፕላ በሦስት ረድፍ ስድስት ሰው የሚይዝ፣ ባለ አራት በር የዚሁ መኪና ወንድም ሲሆን፣ በጣሊያን ከተሞች በታክሲነት በብዛት ያገለገለውም ያለ ምክንያት አልነበረም።

ያም ሆኖ ከታች ሰማያዊ ከላይ ነጭ የተቀባው ትንሽ መኪና ነዳጅ በመቆጠቡ ጸና። ታክሲ ነጂ የሚኖረው በነዳጅ ወጪና በተሳፋሪ ሒሳብ መካከል ባለችው ቀጭን ልዩነት ላይ ነው፤ የነዳጅ ዋጋ በድንገት ሲያሻቅብ ነጂዎቹ የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥራ ያቆሙትም ይህች ልዩነት ስለተነካች ነው። መምህራንም በዚያው ቀን ሥራ አቆሙ፤ መንግሥትም በቀናት ውስጥ የነዳጁን ዋጋ ዝቅ ለማድረግ ተገደደ። የአብዮቱ ታሪክ ሲጻፍ ይህ አድማ ከመነሻዎቹ መካከል ይቆጠራል።

በደርግ ዘመን በትንንሽ የጭነት መኪና ጀርባ ላይ ግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር የተዘረጋለት ታክሲ ተስፋፋ። ተሳፋሪዎቹ ጉልበት ለጉልበት ተፋጥጠው ስለሚቀመጡ ሕዝቡ «ውይይት» አለው። ጊዜው በየቀበሌውና በየመሥሪያ ቤቱ የውይይት ስብሰባ የበዛበት ነበረና ስያሜው ምን ያህል ምጸት እንዳዘለ ማስረዳት አያሻም። በአመቺነቱ የሚመሰገን መኪና አይደለም፤ ነገር ግን የአዲስ አበባን ልማድ እንደ እርሱ አጥርቶ ያሳየ መቀመጫ አልተገኘም።

በዚያው ዘመን የገባው ላዳ ከሶቪየት ኅብረት ይምጣ እንጂ መሠረቱ ያው ጣሊያናዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 በተፈረመ ውል መሠረት ፊያት 124 በቶልያቲ ከተማ እንዲመረት ሲወሰን፣ መሐንዲሶቹ ለሩሲያ ጭቃና በረዶ እንዲስማማ ቆርቆሮውን አወፈሩት፣ ከመሬት ከፍ አደረጉት፣ የኋላውን የዲስክ ፍሬን በድራም ለወጡት። ለቮልጋ ዳር የታሰበው ጥንካሬ ለአዲስ አበባ ጉድጓድም በጀ፤ አራቱ በሮችም የሰይቼንቶን ጉድለት ሞሉ። ሆኖም ብዙ ሰው የሚጭነው ሚኒባስ ሲበረክት ላዳ በጋራ ሒሳብ ሊወዳደረው አልቻለም፤ ለብቻው ለሚከራይ ሰው ቀረና ስሙ የኮንትራት ታክሲ መጠሪያ ሆነ።

ቶዮታ ሃይስ ይዞት የመጣው ለውጥ ከወንበሩ ብዛት ይልቅ በበሩ ይታያል። በጎን የሚንሸራተተው በር ከነጂው እጅ የራቀ ነው፤ ስለዚህ የሚከፍተውና የሚዘጋው፣ የመድረሻውን ስም እየተጣራ ሰው የሚሰበስበው፣ ሒሳብ ተቀብሎ መልስ የሚሰጠው ወያላ የግድ አስፈለገ። ሰይቼንቶ ነጂ ይህን ሁሉ በመስኮት በኩል ብቻውን ይፈጽመው ነበር።