ከቨርጂኒያ የገጠር ትምህርት ቤት እስከ ናይሮቢ

ከናይሮቢ ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ ካቤቴ የሚባል ደጋማ ስፍራ አለ። በ1925 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በዚህ ስፍራ አንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ተከፈተ፤ ስሙም የጂንስ ትምህርት ቤት ተባለ። ጂንስ የኬንያ ተራራ ወይም ወንዝ ስም አይደለም፤ አገሩን ይገዛ የነበረው የእንግሊዝ ሹም ስምም አይደለም። ትምህርት ቤቱ ከመከፈቱ 18 ዓመት አስቀድሞ በአሜሪካ አገር በፊላደልፊያ ከተማ ያረፉ የአንዲት ወይዘሪት ስም ነው። ይህ ስም ውቅያኖስ ተሻግሮ ካቤቴ ድረስ እንዴት እንደ መጣ፣ ከካቤቴም የወጣ አንድ ወጣት የኬንያን ልጆች ወደዚያው ወደ አሜሪካ እንዴት አድርጎ እንደ ላካቸው መመርመር፣ በመምህርነት ሥራ ላይ ላለ ሰው ሁሉ የሚገባ ነው።

ወይዘሪት አና ጂንስ በ1822 ዓ.ም. የተወለዱ፣ ኩዌከር ከሚባለው የክርስቲያን ማኅበር ወገን የሆኑ ሰው ነበሩ። ከወንድሞቻቸውና ከእኅቶቻቸው ሞት በኋላ ብቻቸውን ስለ ቀሩ የቤተ ሰቡ ሀብት በእጃቸው ገባ። በአሜሪካ ባርነት ከተሻረ 40 ዓመት ያለፈ ቢሆንም፣ በደቡቡ ክፍል የጥቁሮችና የነጮች ልጆች በሕግ ተለያይተው ይማሩ ነበር፤ ለትምህርት የሚመደበውም ገንዘብ አብዛኛው ለነጮቹ ይውል ነበር። የዚያ ዘመን ባለጸጎች ለትምህርት ሲለግሱ ስማቸው በትልቅ ሕንጻ ላይ እንዲቀረጽ ስለሚወዱ፣ ስጦታቸው ወደ ታላላቆቹ ኮሌጆች ያዘነብል ነበር። ወይዘሪት ጂንስ ግን በ1907 ዓ.ም. 1,000,000 ዶላር ሲሰጡ፣ ገንዘቡ የጥቁሮች ልጆች ለሚማሩባቸው ለትንንሾቹ የገጠር ትምህርት ቤቶች እንዲውል አሳሰቡ። በዚያው ዓመት ዐረፉ።

ገንዘቡ ፍሬ የሰጠው በአንዲት መምህርት እጅ ነው። በቨርጂኒያ ግዛት፣ ሄንራይኮ በሚባለው አውራጃ፣ ወላጆቻቸው በባርነት የኖሩ ወይዘሪት ቨርጂኒያ ራንዶልፍ ከ1892 ዓ.ም. ጀምሮ አንዲት ክፍል ብቻ ባላት ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር። ግድግዳው እንዲለሰን፣ ጭቃ የሆነው ግቢ ጠጠር እንዲለብስ ያደረጉት ከደመወዛቸው እየቀነሱ ነው። ልጆቹን ከንባብና ከሒሳብ ጋራ ስፌትን፣ ምግብ ማብሰልን፣ ቅርጫት መሥራትን አስተማሯቸው። በዚህ ጊዜ ከወላጆቹ አንዳንዶቹ ተቈጡ። ልጆቻቸውን የላኩት መጽሐፍ እንዲማሩ እንጂ በቤታቸው የሚያውቁትን የእጅ ሥራ እንዲደግሙ አለመሆኑን ገልጸው፣ መምህርቷ እንዲነሡላቸው ፊርማ አሰባሰቡ። ወይዘሪት ራንዶልፍ ግን አልተቀየሙም፤ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ወላጆቹን አነጋገሩ፣ ቀስ በቀስም ልባቸውን አገኙ። በ1908 ዓ.ም. የጸደይ ወራት ከተማሪዎቻቸው ጋራ ሲካሞር የተባሉ 12 ዛፎች በግቢው ተክለው በ12ቱ ሐዋርያት ስም ሰየሟቸው።

በዚሁ ዓመት የአውራጃው የትምህርት ሹም ሚስተር ጃክሰን ዴቪስ፣ ይህች ሴት በአንድ ትምህርት ቤት ተወስና መቅረት የለባትም ብለው አሰቡ። ከጂንስ ገንዘብ ደመወዝ ተቈርጦላቸው ወይዘሪት ራንዶልፍ የመጀመሪያዋ የጂንስ መምህርት ሆኑ። በፈረስ በሚጎተት ጋሪ ከ20 በላይ ወደሚሆኑት የአውራጃው ትምህርት ቤቶች እየተዘዋወሩ መምህራኑን ይረዱ ጀመር። ስለ ሥራቸው የጻፉት ዘገባ ታትሞ በደቡቡ ክፍል ሁሉ ተላከ፤ እርሳቸውን አብነት ያደረጉ የጂንስ መምህራንም በየግዛቱ ተሾሙ።

የእነዚያ የተቈጡ ወላጆች ቃል ግን እንዲያው በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። የእጅ ሥራ ትምህርት በወይዘሪት ራንዶልፍ ዘንድ የልጁን እጅና አእምሮ አብሮ የሚያነቃ ነበረ፤ በብዙ ሹማምንት ዘንድ ግን ጥቁሩ ከእርሻና ከወጥ ቤት እንዳያልፍ የሚያግድ አጥር ነበረ። መርፌው አንድ ሲሆን፣ የያዘው እጅ አሳብ ግን ሁለት ነው። ይህ ልዩነት ወደ አፍሪካ በተሻገረ ጊዜም አብሮ ተሻገረ።

በ1924 ዓ.ም. ፌልፕስ ስቶክስ የሚባለው የአሜሪካ የበጎ አድራጎት ድርጅት የላከው ጉባኤ የምሥራቅ አፍሪካን ትምህርት ሊመረምር መጣ። ከአባላቱ አንዱ የጎልድ ኮስቱ ሊቅ ዶክቶር ጄምስ አግሬ ነበሩ። ጉባኤው የጂንስ መምህራንን አሠራር ለአፍሪካ ገጠር የሚስማማ ነው ብሎ ስላመሰገነ፣ በማግሥቱ ዓመት ካርኔጊ ከተባለው የአሜሪካ ድርጅት በተገኘ እርዳታ የካቤቴው ትምህርት ቤት ተከፈተ። የጉባኤው ጸሓፊ የነበሩት ሚስተር ጄምስ ዱጋል የመጀመሪያው ዲሬክተር ሆኑ። ወደ ካቤቴ የሚመጣው መምህር ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ነው፤ በግቢው ጎጆ ተሰጥቶት፣ እርሱ የማስተማርን ዘዴ ሲማር ሚስቱ የሕፃናትን አያያዝና የቤትን ንጽሕና ትማራለች። ሲመለሱም በአካባቢያቸው ያሉትን የመንደር ትምህርት ቤቶች እየዞሩ እንዲያቃኑ ይጠበቅባቸዋል። ባልና ሚስትን አብሮ ማስተማሩ በዚያ ዘመን እምብዛም ያልተለመደ ነገር ስለ ነበረ ሊመሰገን ይገባዋል።

የኬንያ ወላጆች ግን የቨርጂኒያዎቹ ወላጆች የጠየቁትን ጥያቄ ጠየቁ። የነጩ ሰፋሪ ልጅ ለኦክስፎርድ ሲዘጋጅ የእነርሱ ልጅ ስለ ምን ለመንደሩ ብቻ ይዘጋጃል? በተለይ የኪኩዩ ሕዝብ ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ገንዘቡን አዋጥቶ፣ ጭቃውን አቡክቶ፣ ከሚስዮኖችም ከመንግሥትም የተለዩ ትምህርት ቤቶችን በራሱ ሠራ። ለእነዚህም መምህራን ማፍሪያ ይሆን ዘንድ በ1939 ዓ.ም. ጊቱንጉሪ በተባለው ስፍራ ኮሌጅ ቆመ። መሥራቹ ሚስተር ምቢዩ ኮይናንጌ በ1927 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተሻግረው ትምህርታቸውን የጀመሩት በቨርጂኒያው በሃምፕተን ነው፤ የእጅ ሥራ ትምህርት አሳብ ዋና ምንጭ የሆነው ሃምፕተን! ከዚያ ግን አልቆሙም፤ በኦሃዮና በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተምረው ተመለሱ። ጊቱንጉሪ በ1952 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሲታወጅ ተዘጋ፤ የሕዝቡም ትምህርት ቤቶች አብረው ተዘጉ። አንድ ሕዝብ በገዛ እጁ የሠራውን ትምህርት ቤት መዝጋት ምን ያህል ልብ የሚሰብር ቅጣት እንደ ሆነ መምህራን ይፈርዱታል።

ሚስተር ቶም ምቦያ ካቤቴ የገቡት በ1948 ዓ.ም. ነው። አባታቸው ከናይሮቢ ውጭ በአንድ የቃጫ እርሻ ይሠሩ ነበር፤ ልጁ በ1930 ዓ.ም. የተወለዱትም በዚያው ነው። በማንጉ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ጀምረው ሳለ የሚከፈል ገንዘብ ስለ ታጣ አቋረጡ፤ ክፍያ የማይጠየቅበት የጤና ጥበቃ ተቈጣጣሪዎች ሥልጠና ግን በካቤቴ ስለ ነበረ ወደዚያ ገቡ። በ1951 ዓ.ም. በናይሮቢ ማዘጋጃ ቤት ተቀጠሩ። አንድ ቀን በቢሮው ብቻቸውን ሲሠሩ፣ ወተት ለማስመርመር የመጣች አንዲት ነጭ ሴት ግራና ቀኝ ተመልክታ፣ በቤቱ ሰው ይኖር እንደ ሆነ ጠየቀቻቸው። እርሳቸውም ዓይኗ ታሞ እንደ ሆነ መልሰው ጠየቋት። ይህች ጥቂት ቃል በኋላ ላደረጉት ሁሉ መግቢያ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሁለት ዓመት ውስጥ የኬንያ ሠራተኞች ማኅበራት ፌዴሬሽን ዋና ጸሓፊ፣ በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የናይሮቢ የሕግ ምክር ቤት እንደራሴ ሆኑ።

የነጻነት ቀን መቅረቡን ምቦያ ያውቁ ነበር፤ ነጻ የሚወጣውን አገር የሚያስተዳድር የተማረ ሰው ግን ጥቂት ነበረ። በምሥራቅ አፍሪካ ለአፍሪካውያን ዋነኛው የከፍተኛ ትምህርት ቤት በኡጋንዳ የሚገኘው ማኬሬሬ ብቻ ሲሆን፣ የናይሮቢው የቴክኒክ ኮሌጅ ገና ጨቅላ ነበር። በ1958 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለአፍሪካ ወጣቶች የሰጡት ነጻ የትምህርት ዕድል ኬንያውያንንም ወደ አዲስ አበባ አምጥቷል፤ ሆኖም ጥማቱን የሚያረካ አልነበረም። ስለዚህ ምቦያ በ1959 ዓ.ም. የጸደይ ወራት ወደ አሜሪካ ሄደው ከኮሌጅ ወደ ኮሌጅ እየዞሩ ተናገሩ፤ በርከት ያሉ ኮሌጆችም ነጻ ትምህርት ለመስጠት ቃል ገቡ።

የቀረው የመጓጓዣ ገንዘብ ነበር። ነገሩ ቀላል ቢመስልም ዕድሉ የሚቀጨው በዚህ ላይ ነው፤ ነጻ ትምህርት የተፈቀደለት ልጅ ውቅያኖሱን የሚሻገርበት ካላገኘ ወረቀቱ ምን ያደርግለታል? የአይሮፕላን ዕቃ ነጋዴ የነበሩት ሚስተር ዊልያም ሻይንማን፣ ከምቦያ ጋራ ስለ ተወዳጁ፣ ከዚያ በፊት ለጥቂት ተማሪዎች ከኪሳቸው ከፍለው ነበር። አሁን ግን ሙሉ አይሮፕላን መከራየት አስፈለገ። በቤዝቦል ጨዋታ የዘር አጥርን በ1947 ዓ.ም. ያፈረሰው ጃኪ ሮቢንሰን፣ ዘፋኙ ሃሪ ቤላፎንቴና የፊልም ተዋናዩ ሲድኒ ፖይቲየር ለአሜሪካ ሕዝብ የልመና ደብዳቤ በፊርማቸው ላኩ። በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎችም የአቅማቸውን ላኩ። በኬንያ በኩልም ቤተ ዘመድ ከብቱን ሸጠ፣ ጎረቤት ለሻይ ተሰብስቦ ሽልንግ አዋጣ። በካሊፎርኒያ ተምረው የመጀመሪያው ኬንያዊ የፍልስፍና ዶክቶር የሆኑት ጊኮንዮ ኪያኖ በምርጫው ረዱ። በመስከረም 1959 ዓ.ም. 81 ተማሪዎች ከናይሮቢ ተነሥተው ኒው ዮርክ ገቡ።

የእንግሊዝ ሹማምንት በነገሩ አልተደሰቱም። ተማሪዎቹ በቂ ዝግጅት የላቸውም፣ የአሜሪካ ኮሌጆችም ደረጃቸው ዝቅ ያለ ነው እያሉ ይነቅፉ ነበር። ዝግጅቱን ያሳነሰው ማን እንደ ሆነ ግን አልተናገሩም። በሁለተኛው ዓመት የተማሪው ቊጥር ሲጨምር ችግሩ ጸና፤ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም የእርዳታውን ጥያቄ መለሰ። በሐምሌ 1960 ዓ.ም. ምቦያ ለፕሬዚደንትነት ይወዳደሩ ወደ ነበሩት ሴናተር ጆን ኬነዲ ቤት ሄደው ጉዳዩን አስረዱ፤ በጦርነት በሞተው በወንድማቸው በጆሴፍ ስም የቆመው የቤተ ሰቡ ድርጅትም 100,000 ዶላር ሰጠ። ወዲያው ሚኒስቴሩ እምቢ ያለውን ገንዘብ እሰጣለሁ ብሎ ብቅ አለ፤ በሴኔቱም ስለዚሁ የከረረ ክርክር ተነሣ። ምርጫ ሲቀርብ ለጋሱ ይበዛል። በመስከረም ከ200 የሚበልጡ ተማሪዎች ተሻገሩ፤ ጉዞው እስከ 1963 ዓ.ም. በቀጠለበት ጊዜ የተማሪዎቹ ቊጥር ወደ 800 ተጠጋ።

በዚህ አይሮፕላን ያልሄደ አንድ ሰውም ከታሪኩ አይለይም። በናይሮቢ የጎልማሶችን ፊደል ትምህርት ያደራጁ የነበሩት አሜሪካዊት መምህርት ኤሊዛቤት ሙኒ፣ በቢሯቸው ተቀጥሮ በሉኦ ቋንቋ የንባብ መጻሕፍት ያዘጋጅ የነበረውን ወጣት ባራክ ኦባማን የጉዞ ገንዘብ ሰጥተው በ1959 ዓ.ም. ወደ ሃዋይ ዩኒቨርሲቲ እንዲሄድ ረዱት። ልጁ፣ በኋላ በ2008 ዓ.ም. ለአሜሪካ ፕሬዚደንትነት የተመረጡት፣ በ2007 ዓ.ም. ባደረጉት ንግግር አባታቸውን ያሻገረው የኬነዲ ቤተ ሰብ ነው ብለው ነበር። ዘመኑ ግን አይገጥምም፤ የኬነዲ ገንዘብ የተሰጠው አባታቸው ከሄዱ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። የታላላቅ ሰዎች ስም የመምህርትን ስም እንዴት እንደሚሸፍን ለማየት ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አይገኝም።

በ1960 ዓ.ም. ከሄዱት መካከል በሊሙሩ የተማረች የ20 ዓመቷ ዋንጋሪ ነበረች፤ ዓለም በኋላ ዋንጋሪ ማታይ ብሎ ያወቃት ናት። ከኒው ዮርክ ወደ ካንሳስ በአውቶቡስ ስትጓዝ፣ በኢንዲያና ግዛት አንድ ምግብ ቤት ገብተው የሚጠጣ ቢጠይቁ፣ በውስጥ ተቀምጠው መጠጣት እንደማይፈቀድላቸው ተነገራቸው። የልመናው ደብዳቤ የወጣበት አገርና የምግብ ቤቱ አገር አንድ አገር ነበረ። አትቺሰን በምትባለው ትንሽ ከተማ የሚገኙት መነኮሳይያት መምህራን ግን በፍቅር ተቀበሏት። በ1964 ዓ.ም. በሥነ ሕይወት ተመረቀች፤ በፒትስበርግም የማስተርስ ዲግሪ አግኝታ በ1966 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ ስትመለስ፣ ቃል የተገባላት ሥራ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ቆያት። በሌላ ክፍል ገብታ በ1971 ዓ.ም. ከምሥራቅና ከመካከለኛው አፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያዋ ዶክቶር ሆነች። ሰኔ 5 ቀን 1977 ዓ.ም. በናይሮቢ ካሙኩንጂ ከተባለው ሜዳ ከሰዎች ጋራ ሄደው ሰባት ዛፎች ተከሉ፤ ከዚያ የተጀመረው የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄ በ2004 ዓ.ም. የኖቤል የሰላም ሽልማትን አስገኘላቸው።

ወይዘሪት ራንዶልፍ የሞቱት የመጀመሪያው አይሮፕላን ከናይሮቢ ከመነሣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1958 ዓ.ም. ነው። ምቦያ በነጻይቱ ኬንያ ሚኒስትር ሆነው ሲሠሩ፣ ሐምሌ 5 ቀን 1969 ዓ.ም. በናይሮቢ አውራ ጎዳና ላይ በጥይት ተገደሉ፤ ዕድሜያቸው 38 ነበር። ለመንደር መምህራን የተሠራው የካቤቴ ግቢ ደግሞ ከ1961 ዓ.ም. ጀምሮ የአስተዳደር ተቋም ሆነ፤ በዚያም የእንግሊዝ ሹማምንትን ወንበር የሚረከቡ ኬንያውያን ይሠለጥኑ ጀመር።