የ1964ቱ የትምህርት ጥናትና የድሃው ልጅ ዕድል

ተማሪን ከመፈተን በፊት፣ ወደ ፈተናው የሚወስደው መንገድ ለማን እንደ ተከፈተ መጠየቅ ይገባል። ከአገራችን የትምህርት ታሪክ ይህን ጥያቄ አጉልቶ ያሳየው «ሴክተር ሪቪው» የተባለው ጥናት ነው።

ጥናቱ በ1964 ዓ.ም. ተጀምሮ በዚያው ዓመት ተፈጸመ። ባለሙያዎቹን ያነሣሣቸው ችግር እውነተኛ ነበር፤ አብዛኛው የገጠር ልጅ ትምህርት ቤት አላየም፤ በከተማም ሁለተኛ ደረጃን ጨርሰው ሥራ ያጡ ወጣቶች መብዛት ጀምረው ነበር። ስለዚህ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ለብዙው ሕዝብ እንዲዳረስ፣ ከዚያ በላይ ያለው ግን በመጠን እንዲወሰን አሳሰቡ።

ነገሩ በወረቀት ላይ ሲታይ ለገጠሩ ያደላ ይመስል ነበር። ሆኖም በአንዲት የአውራጃ ከተማ ለሚኖር የሸማኔ ወይም የጉልት ነጋዴ ልጅ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ብቸኛው መሰላል ነበርና፣ አራተኛ ክፍል ላይ ቢገታ የሚሄድበት አልነበረውም። ባለጸጋው ግን ልጁን በግል ትምህርት ቤት ከፍሎ ያስተምራል። በዚህም ላይ የጥናቱ ዝርዝር ለሕዝብ ሳይገለጽ በመቆየቱ ጥርጣሬ በረታ።

የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የሥራ ማቆም አድማ መታ። የደመወዝ ጥያቄም አብሮ መነሣቱ አይካድም፤ ነገር ግን ብዙ ወላጆችና ተማሪዎች ከመምህራኑ ጋር የቆሙት የልጆቹ ዕድል ስላሳሰባቸው ነው። በዚያው ቀን በነዳጅ ዋጋ መወደድ የተማረሩ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎችም ሥራ አቆሙ። መንግሥት ጥናቱ በሥራ ላይ እንዳይውል አገደ፤ ወሩ ሳያልቅም የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ።

ጥናቱ ቢቀርም ችግሩ አልቀረም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ትምህርት እስከ 10ኛ ክፍል በነጻ እንዲሰጥ በመወሰኑ በሩ ሰፋ። ይሁንና በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ብዙ ነበሩ።

በ1966 ዓ.ም. መምህራን የጮኹት በሩ በድሃው ልጅ ላይ እንዳይዘጋ ነበር። ዛሬ ልጁ ገብቷል፤ መጽሐፍና በቂ መምህር ካላገኘ ግን እቤት አስገብቶ ደጅ እንደ ማስጠናት ይቆጠራል። ይህንም ዕዳ መምህሩና የትምህርት ሹሙ በጋራ ይሸከሙታል።