ስም፦ ከአያት እስከ ልጅ ልጅ

ሕፃን ወደዚህ ዓለም ሲመጣ ከወላጆቹ ከሚቀበላቸው የመጀመሪያ ስጦታዎች አንዱ ስሙ ነው። ምርጫው የእርሱ አይደለም፤ ዕድሜ ልኩን ተሸካሚው ግን እርሱ ነው። በአገራችን ደግሞ ነገሩ በዚህ አያበቃም። ዛሬ ለሕፃን የምናወጣው ስም ነገ ለልጆቹ የአባት ስም፣ ከነገ ወዲያ ለልጅ ልጆቹ የአያት ስም ይሆናል። የጥንት ዐረቦችም እንዲሁ «እገሌ የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ልጅ» እያሉ ወደ ላይ ይቆጥሩ ነበር። ስለዚህ በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን በስሞች ላይ የሆነውን መመልከት ለእኛ እንግዳ አይሆንም።

ውሻ፣ አለት፣ ጦርነት

ከእስልምና በፊት ዐረቦች ለልጆቻቸው ያወጧቸው ከነበሩት ስሞች ብዙዎቹ ትርጉማቸውን ለሚሰማ ሰው ያስደንቃሉ። ከልብ ማለት ውሻ ነው፤ ሐርብ ጦርነት፣ ሙራ መራራ፣ ሰኽር አለት፣ ሐንዞላ ደግሞ በበረሃ የሚበቅል እጅግ መራራ ፍሬ ነው። በ223 ዓመተ ሂጅራ በበስራ የተወለደው የቋንቋ ሊቅ ኢብን ዱረይድ «ኪታብ አል-ኢሽቲቃቅ» የተሰኘውን መጽሐፉን ሲያዘጋጅ፣ በእነዚህ ስሞች ምክንያት ዐረቦችን የሚያጥላሉ ሰዎች ነበሩ። እርሱም ምክንያቱን ዘርዝሮ መልስ ሰጠ። አንዳንዱ አባት ሚስቱ ምጥ ላይ ሳለች ከደጅ ይወጣና በመጀመሪያ ያየውን፣ ቀበሮም ይሁን ውሻ፣ ለሚወለደው ልጅ መጠሪያ ያደርገዋል። ሌላው ጠላት ስሙን ሰምቶ እንዲርድ አስቦ የአውሬ ወይም የአለት ስም ያወጣል።

በአንጻሩ ለባሮቻቸው ያሳር (ምቾት)፣ ረባሕ (ትርፍ)፣ አፍለሕ (የተሳካለት) የመሳሰሉ ለስላሳ ስሞችን ይሰጡ ነበር። የልጅ ስም ጠላትን ለማስፈራት፣ የባሪያ ስም ግን ለጌታው ጆሮ ደስታ እንዲሆን ታስቦ ነው። የመጀመሪያው ሙአዚን የቢላል (ረ.ዐ) አባት ስም ረባሕ መሆኑን እናስታውስ። አባትየውን ዓለም የሚያውቀው በልጁ ነው፤ ስሙ ግን ቢላል በተጠራ ቁጥር አብሮ ይጠራል።

የተለወጡትና ያልተለወጡት

ታዲያ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲመጡ እንግዳውንና ሻካራውን ስም ሁሉ ለወጡን? አልለወጡም። ሙራና ኪላብ በራሳቸው የዘር ሐረግ ውስጥ የሚገኙ አያቶች ናቸው፤ ስማቸውም እንደነበረ ቆየ። በ3ኛው ዓመተ ሂጅራ በኡሑድ ዘመቻ ሸሂድ የሆነውና መላእክት ያጠቡት የሚባለው ሰሃባ ስሙ ሐንዞላ ነበር። መራራው ስም ክብሩን አልቀነሰበትም።

የተለወጡት ስሞች ሲታዩ ግን ምክንያቱ ይገለጣል። አንደኛው ወገን ለኃጢአት የሚጠራ ስም ነው። የዑመር (ረ.ዐ) ልጅ ዓሲያ ትባል ነበር፤ ትርጉሙ አመጸኛ ማለት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጀሚላ፣ ማለትም ቆንጆ አሏት። (ይህ ስም በዐረብኛ አጻጻፉም በትርጉሙም ከፊርዐውን ሚስት ከአሲያ ስም የተለየ መሆኑን ልብ ይሏል።) ሁለተኛው ከአላህ ሌላ ለሆነ ነገር ባርነትን የሚያመለክት ነው። ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ) ቀድሞ ዐብድ ዐምር፣ የዐምር ባሪያ ይባሉ ነበር።

ሦስተኛው ይበልጥ ያስገርማል። በራ ማለት ደግ፣ ታዛዥ ማለት ነው። ወላጆቿ ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ሰሃቦች የሆኑት የአቡ ሰለማ ልጅ ይህን ስም ይዛ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ሰው ራሱን ጻድቅ ብሎ እንዳያወድስ በማለት ዘይነብ ብለው ጠሯት። ስለዚህ የስም ማማር ብቻውን በቂ አልነበረም፤ በስሙ መመጻደቅም ይታያል።

ቋንቋው ግን መመዘኛ አልነበረም። ኢብራሂምና ሙሳ ከዐረብኛ የመነጩ ስሞች አይደሉም። ነጃሺው በሞቱ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስሐማ ብለው በሐበሻ ስማቸው ጠርተው ሰገዱባቸው። በሐበሻ የተወለደችውን ትንሿን ኡሙ ኻሊድን ልብስ ባለበሷት ጊዜም በተወለደችበት አገር ቋንቋ «ሰናህ» እያሉ አድንቀውላታል። ቃሉ ከግዕዙ «ሠናይ» ጋር ይቀራረባል፤ ትርጉሙም ያማረ ማለት ነው።

የሐዝን ቤተሰብ

ቡኻሪ የዘገቡት አንድ ታሪክ ነገሩን ሁሉ ያጠቃልለዋል። አንድ ሰው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጣና ስሙን ጠየቁት። ሐዝን መሆኑን ነገራቸው። ድምፁ ከእኛ «ሐዘን» ጋር ቢመሳሰልም ትርጉሙ ወጣ ገባ የሆነ ሻካራ መሬት ነው። እርሳቸውም ሰህል፣ ማለትም ለጥ ያለ ሜዳ እንዲባል ሐሳብ አቀረቡለት። ሰውየው አባቱ ያወጣለትን ስም እንደማይለውጥ መለሰ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አላስገደዱትም፤ ተዉት።

የዚህ ሰው የልጅ ልጅ ሰዒድ ኢብን አል-ሙሰየብ ነው፤ ከሰባቱ የመዲና ፉቀሃዎች አንዱ የሆነ ታላቅ ዓሊም። ሰዒድ ይህን ታሪክ ሲተርክ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ሻካራነቱ ከቤተሰባቸው እንዳልተለየ ይናገር ነበር። አያት በአንድ ቃል እምቢ ያለው ነገር ለልጅ ልጅ ደረሰ። እነሆ እኛም ዛሬ የሰዒድን ስም ከነአባቱና ከነአያቱ ስንጠራ ሐዝንን እንጠራለን።

ለእኛስ?

ዛሬ አንዳንድ ወላጆች ያልተለመደ ስም ፍለጋ ቁርኣንን ገልጠው ድምፁ ያማራቸውን ቃል ያወጣሉ። በቁርኣን ውስጥ መገኘት ብቻውን ግን ቃሉን ስም አያደርገውም፤ ፊርዐውንና አቡ ለሀብም እዚያው ተጠቅሰዋል። በሌላ በኩል፣ ሕፃን በሞተበት ቤት ቀጥሎ ለሚወለደው ምትኩ ወይም ካሳ ብሎ ማውጣት የቆየ ልማዳችን ነው። የወላጅን ኀዘን ማን ይነቅፋል? ይሁንና ልጁ የሌላውን ሞት በስሙ ተሸክሞ እንደሚኖር ማሰብ ያሻል።

ከዐቂቃው ዕለት በፊት ቀናት አሉን። ዐረብኛ የሚያውቅ ሰው ፈልጎ ትርጉሙን መጠየቅ፣ ከዚያም ስሙን ከአባትና ከአያት ስም ጋር አያይዞ ጮክ ብሎ መጥራት ቀላል ነው። የመጨረሻው ጥያቄም ይህ ይሁን፦ ገና ያልተወለደው የልጅ ልጃችን ይህን ስም ከራሱ ስም ቀጥሎ ሲጽፈው ያመሰግነን ይሆን?

አላህ ልጆቻችንን በስማቸውም በሥራቸውም ያማሩ ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።