የጆሮ ነጥብ ሕክምና ለመዋጥ ችግር

የጆሮ ነጥብ ሕክምና የውጭውን ጆሮ የተወሰኑ ቦታዎች በመርፌ በመውጋት ወይም በጣትና በዘር በመጫን የሚሰጥ የአኩፓንክቸር ዘርፍ ነው። በስትሮክ፣ በፓርኪንሰን ወይም በሌላ የነርቭ ሕመም ምክንያት መዋጥ ላቃታቸው ሰዎች ከዋናው ሕክምና ጎን ለጎን ይሞከራል፤ ዋናውን ግን አይተካም።

የችግሩ ምንነት

መዋጥን የሚመራው የአንጎል ግንድ ሲሆን 5ኛው፣ 7ኛው፣ 9ኛው፣ 10ኛውና 12ኛው የራስ ቅል ነርቮች ይሳተፉበታል። ይህ ሥርዓት ሲታወክ ምግብና ውሃ ወደ አየር ቧንቧ ያመልጣል። ሕመምተኛው ሲበላ ትን ይለዋል፣ ያስለዋል። አንዳንዱን ግን ሳያስለው ምግቡ ሳንባው ይገባና ለሳንባ ምች ይዳርገዋል።

ታሪክ

ዛሬ የሚሠራበትን የጆሮ ካርታ ያስጀመረው የሊዮኑ ፈረንሳዊ ሐኪም ፖል ኖዢዬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከወገብ እስከ እግር የሚወርድ ሕመማቸው ጆሯቸው ተተኩሶ የተሻላቸው ሰዎች ገጠሙት። ከዚያ ተነሥቶ ጆሮን በተዘቀዘቀ ጽንስ መልክ ሥሎ በ1957 አሳተመ። ቻይናውያን ሐኪሞች ካርታውን አስፋፉት፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ1990 በነጥቦቹ ስያሜ ላይ በሊዮን ስብሰባ አካሄደ።

አሠራር

በካርታው መሠረት የጉሮሮ ነጥብ በጆሮ ቀዳዳ ፊት ካለችው ጉብታ ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ የአፍና የምግብ ቧንቧ ነጥቦች ደግሞ በጆሮው ጎድጓዳ ክፍል ይገኛሉ። የቫካሪያ ተክል ደቃቅ ዘር በፕላስተር ይለጠፍና በቀን ጥቂት ጊዜ ይጫናል። ደጋፊዎቹ የሚጠቅሱት በጆሮ ቆዳ ላይ የሚያልፈውን የ10ኛው ነርቭ (ቫገስ) ቅርንጫፍ ነው። አንዳንድ ሰው ጆሮው ሲኮረኮር የሚያስለው በዚሁ ነርቭ ምክንያት ነው።

ማስረጃና ጥንቃቄ

ከስትሮክ በኋላ ስለሚሰጡ የመዋጥ ሕክምናዎች የተደረጉ 41 ጥናቶችን የመረመረው የ2018 እ.ኤ.አ. የኮክሬን ግምገማ አኩፓንክቸር ችግሩን ሊቀንስ እንደሚችል ቢጠቁምም ማስረጃው ጠንካራ አይደለም። በጆሮ ነጥብ ላይ ብቻ የተሠሩት ጥናቶች አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው። ጆሮ ላይ ተሰክቶ የሚቆይ መርፌ የጆሮን ልም አጥንት ሊያመግል ይችላል፤ የልብ ቫልቭ ሕመም ላለበት ሰው ደግሞ ይበልጥ አደገኛ ነው።

በኢትዮጵያ

አኩፓንክቸር በኢትዮጵያ በይበልጥ የሚታወቀው ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚመላለሱት የቻይና የሕክምና ቡድኖች ሲሆን በአዲስ አበባ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም ይሰጣል። ለምሳሌ በባሕር ዳርና በደብረ ታቦር መካከል ባለችው ሐሙሲት ከተማ ስትሮክ ያጋጠመው ሰው ግን መጀመሪያ መድረስ ያለበት ባሕር ዳር ወይም ደብረ ታቦር ሆስፒታል ነው። እስኪመረመር ድረስ ምግብም ውሃም አይሰጠው። እንጥል ማስቆረጥ ችግሩ ነርቭ ላይ ስለሆነ አይረዳም፤ ይልቁንም ያደማል፣ ያመረቅዛል።

መዋጥ እንደሚችል ከተረጋገጠ በኋላ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ በትንሽ ማንኪያ ይመገብ። ውሃ ከወፍራም አጥሚት ይልቅ በቀላሉ ወደ አየር ቧንቧ ስለሚያመልጥ ውፍረቱን ባለሙያ ይወስን። ቆሎና ትልቅ ጉርሻ ይቅሩበት። ከበላ በኋላ አፉ ይጽዳ፤ ለ30 ደቂቃ ያህልም አይተኛ። የጆሮ ነጥብ ሕክምና ቢታሰብ እንኳ ይህ ጥንቃቄ አይጓደል።